«ተመችቷት መጣች» የምንለው እስከ መቼ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ደብረ ሲናን የሚያውቃት በቆሎዋ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ጉሙን ሰንጥቆ ይወርድና በመስኮት ቆሎውን ይገዛል፤ ጋቢውንም ማጠፍ ይጀምራል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲሄድ ሸዋ ሮቢት ነው። ሙቀት፣ ሽንኩርት፣ ወባ።

እኛ ደገኞች ለዚያች 30 ኪሎ ሜትር ስንት ምክር ነው ያለን! ለቀን ሥራ ቆላ የሚወርድ ልጅ «አጎበር ያዝ፣ ማታ ደጅ አትተኛ፣ ካተኮሰህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ» ሳይባል አይሸኝም። አገር ሲለወጥ ገላም እንደሚደናገር የማታውቅ የደብረ ሲና እናት የለችም። ይህችው እናት ልጇን ወደ ጅዳ ስትሸኝ ግን የምትላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንደደረስሽ ደውዪ»።

አንፍረድባት፤ የሚነግራትስ ማን አለ? ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ትመረመራለች፣ እሱስ እውነት ነው። ደም ትሰጣለች፣ ራጅ ትነሳለች፣ እርጉዝ መሆን አለመሆኗ ይታያል። ኤች.አይ.ቪ፣ ጉበት፣ ቲቢ። ግን ምርመራው ለማን ነው? ለአሠሪዋ! «ይህች ልጅ ለእነሱ ታሰጋለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እዚያ ሄዳ ምን ይገጥማታል?» ብሎ አይጠይቅም። በአፋር አቋርጦ፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕር ለሚሻገረው የይፋት ልጅማ ይህችም የለችው።

ከሰፈራችን አንዷ ከዓመታት በኋላ ከዓረብ አገር ተመለሰች። ወፍራለች። ሰፈሩ በሙሉ «ተመችቷታል!» አለ፤ እኛም አልን፣ አንዋሽም። ሌሊት ሌሊት እየተነሳች ውሃ ስትጠጣ እናቷ «የበረሃ ልማድ ነው» አሉ። ዓይኗ ሲደበዝዝ ጠበል ተባለ። ስኳር መሆኑ የታወቀው ተዝለፍልፋ ከወደቀች በኋላ ነው።

ይህ ደግሞ የአንዲት ሴት ዕጣ ብቻ አይደለም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን እዚያ ሲደርሱ ስኳር በሽታ በእነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ወጣቶቹ ሳይቀሩ ይታመሙ ጀመር፤ የኋላ ኋላም ከሌላው ሕዝብ በልጠው ተገኙ፣ ያውም እምብዛም ሳይወፍሩ። በእግር መሄድ ቀረ፣ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጣ። የእስራኤል ሐኪሞች ይህን ሲጽፉ 1980ዎቹ ገና አላለቁም ነበር፣ በፈረንጆቹ። እኛ ዛሬም «ተመቻት» ላይ ነን።

ሌላም አለ። ቫይታሚን ዲን ገላችን የሚሠራው ከፀሐይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፎቅ ሳትወርድ የምታጸዳ ልጅ በፀሐይ አገር ፀሐይ ታጣለች። ከዚያ አጥንቴን፣ ወገቤን ስትል መልሱ «ብርድ ነው፣ ኤሲው ነው» ይሆናል። (ብርድ ያላስታመመን በሽታ ምን አለ?)

የአእምሮውንስ ነገር? በ2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ ቤሩት ውስጥ፣ በገዛ አገሯ ቆንስላ ደጃፍ ስትጎተት በቪዲዮ አይተን ተንጫጫን። ብዙም ሳይቆይ ከተወሰደችበት የአእምሮ ሆስፒታል ሞቷ ተሰማ፤ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጥፍታ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ በወራት ውስጥ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ደግሞ ቦሌ ላይ ተላቀስን። ወደየመንደሩ ከገባ በኋላ እንቅልፍ ይዞት እንደሆነ ግን የጠየቅነው ስንቱን ነው?

«ከስኳር ድህነት ይከፋል» የሚለን አይጠፋም። እኛም አትሂዱ አላልንም፤ ከመካከላችን በዚያ ገንዘብ የተማረ አለ። እኛ የምንለው፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ከዓረብ አገር የተመለሰ ሰው አለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ለሁሉም ተመላሽ ቢደርስ፣ ለመሄድ የሚሰለጥኑትም ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን ስለ ገላቸው ቢነገራቸው ምን ይጎድላል? ለሸዋ ሮቢት የምናውቅበትን ለሪያድ ማን ከለከለን?

ያቺ የሰፈራችን ልጅ አሁን ኪኒኗን ትውጣለች፤ ጠዋት ጠዋትም ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ከስታለች፣ ደህናም ናት። ሰፈሩ ታዲያ «ምን አግኝቷት ይሆን?» እያለ ማንሾካሾክ ጀምሯል።