አዋጁ ወጥቷል፤ በሩ ግን አልተከፈተም



ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ መልካሙን ሥራ አናጣጥልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በይዘቱ የሚናቅ ሕግ አይደለም። አካል ጉዳተኛው ተወዳድሮ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲመች አድርጎ እንዲያዘጋጅም ያስገድዳል። ከሁሉም በላይ፣ አመልካቹ «በጉዳቴ ምክንያት ተገለልኩ» ብሎ ከከሰሰ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በቀጣሪው ላይ ነው።

እንግዲህ እንጠይቅ። ከእናንተ መካከል በዚህ አዋጅ ተከሶ የተፈረደበት አንድ ቀጣሪ የሚያውቅ ማን ነው? የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» የሚል መስፈርት አንብቦ ፊቱን አዙሮ የሄደ ሰው የሚያውቅ ግን ብዙ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥራ ፈላጊ ደመወዝ የለውምና ጠበቃ ማቆም አይችልም። ችሎቱ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል፤ መስማት የተሳነው ባለጉዳይ አስተርጓሚ ፍለጋ ሲመላለስ ቀጠሮው ያልፍበታል። ይህን ሁሉ ተሻግሮ ቢረታ እንኳ፣ አዋጁ በአጥፊው ላይ የጣለው መቀጮ በጥቂት ሺህ ብር የሚለካ ነው። ብር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደወረደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ሕጉን ከማክበር መቀጮውን መክፈል ይረክሰዋል።

ሌላው ጉድለት ከዚህ የባሰ ነው። አዋጁ የሚናገረው ስለ ሥራ ብቻ ነው። ቤት ሊከራይ ሄዶ «ለአንተ አይሆንም» የተባለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄድ የታክሲ ረዳት «ሞልቷል» ብሎ ጥሎት ያለፈው፣ ልጇን ልታስመዘግብ ሄዳ «ሌላ ትምህርት ቤት ውሰጂው» የተባለችው እናት በዚህ አዋጅ ማንንም መክሰስ አይችሉም።

የባንኩን ጉዳይ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር ፈራሚውን አያስገድደውም ይላል። ማንበብና መጻፍ ከማይችል ሰው ጋር በአንድነት ደምሮታል። ዓላማው እንዳይታለል መጠበቅ ነው፤ በጎ ሐሳብ ነበር እንበል። ዛሬ ግን ሕግ አጥንተው ለሌላው ጥብቅና የሚቆሙ፣ በኮምፒዩተር ድምፅ እያነበቡ የሚጽፉ ዓይነ ስውራን ዜጎች አሉን። እንዲህ ያለው ሰው በገዛ ገንዘቡ ሒሳብ ሊከፍት ሲሄድ «የሚያይ ሰው ይዘህ ና» ይባላል። ጎረቤት ይለምናል፤ የገንዘቡንም ምስጢር ለዚያው ጎረቤት ይገልጣል። እንዳይታለል የተጻፈው ድንጋጌ ለመታለል አጋለጠው ማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ስንት ፎቅ ቆመ! ራምፕ የተሠራላቸውም አሉ፤ አንዳንዱ ራምፕ ግን ጤነኛ ሰው እንኳ ተንደርድሮ የሚወጣው ዳገት ነው። ለነዚህ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ሰጥቶ ማኅተም ያሳረፈው ማነው? ሕጉን ያስከብራል የተባለው መንግሥት ራሱ ነው።

«ድሃ አገር ነን፤ አቅሙ ከየት ይመጣል?» የሚሉ አሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች የሚደረገውን እንክብካቤ በአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ገድቦታል። ሰው ሠራሽ እግርና ማገገሚያ ማዕከል ገንዘብ እንደሚጠይቁ አንክድም። ቤት ለሚከራይ ሰው በሩን አለመዝጋት ግን ስንት ብር ይፈጃል? በአንቀጽ 25 የተጻፈው የእኩልነት መብት በበጀት አልተገደበም። የሚያሳዝነው አንቀጹ ዘርን፣ ጾታን፣ ሃይማኖትን በስም ሲጠራ አካል ጉዳትን «ሌላ አቋም» በሚለው ውስጥ አስቀርቶታል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የአድልዎ ክልከላው ቤት ኪራይን፣ ትራንስፖርትን፣ ትምህርት ቤትን፣ ሕክምናንና ባንክን ጭምር እንዲሸፍን ይታገላል። መቀጮው በቁርጥ ብር መጻፉ ቀርቶ በአጥፊው ገቢ ልክ እንዲሰላ፣ ለከሳሹም ጠበቃና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ እንዲቆምለት እናደርጋለን። በአንቀጽ 1728 ዓይነ ስውራንን የሚመለከተው ቃል ተሰርዞ፣ ፊርማው ይረጋገጥልኝ ወይም ይቅርብኝ የማለት ምርጫ ለባለቤቱ ይሰጣል። መግቢያው የማይመች ሕንፃ የመጠቀሚያ ፈቃድ አያገኝም።

የቆሙትን ሕንፃዎች ሁሉ በአንድ ዓመት እናስተካክላለን ብለን አንዋሽም። በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግን መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ክፍል ከፎቅ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ በመጀመሪያው ወር እናዝዛለን፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛና ደረጃውን የሚወርድ አንድ ሠራተኛ ነው።