ተለማመድ ብሎ መለማመጃ የሚነሳ ሕግ

ባለፈው መስከረም የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥቶ ቨርጂኒያ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ጎጃም ገጠር ያደገ፣ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት የአባቱን ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም ያወቀ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ “እስቲ የአሜሪካኖቹን ተኩስ አሳየኝ” አለኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሌሊት ሱቅ የሚሠራ ጓደኛዬን ጨምረን ሦስት ሆነን ከተማ ዳር ወዳለ አንድ የተኩስ መለማመጃ አዳራሽ ሄድን። ሦስት ሆነን ገብተን የተኮስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጀመሪያ የተመለሰው እንግዳዬ ነው። እንዲሞላ ከተሰጠው ቅጽ ላይ በጊዜያዊ ቪዛ ገብተው እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ነበር። ሰውዬው አይዋሽም፤ “አዎ” አለ። አስተናጋጁ ቅጹን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበና “ይቅርታ ጌታዬ፣ መሣሪያ ላስይዝዎ አልችልም” አለው። ቀጥሎ የጓደኛዬ ተራ ሆነ። ጓደኛዬ በዲቪ የመጣና ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው፤ የሚሠራበት ሱቅ ከተዘረፈ በኋላ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ገዝቷል። የራሱን ሽጉጥና በቅናሽ ያገኘውን አንድ ካርቶን ጥይት ይዞ ነበር። ልጁ ከመሳቢያው ማግኔት አወጣና ጥይቱ ላይ አስጠጋው፤ ቸክ ብሎ ተጣበቀ። “ይሄ እዚህ አይተኮስም፤ ከእኛ ይግዙ” አለ። የእነሱ ዋጋ እጥፍ ነበር። ጓደኛዬ ተናዶ ተወው። እኔ በኪራይ ሽጉጥ ስተኩስ ደግሞ ሦስቱን ጥይት አከታትዬ ስለለቀቅኩ “በሰከንድ ከአንድ በላይ አይፈቀድም!” የሚል ድምፅ በድምፅ ማጉያ መጣብኝ።

መኪና ውስጥ የአጎቴ ልጅ እየሳቀ “አሜሪካ ጠመንጃ እንደ ዳቦ ይሸጣል ትሉናላችሁ፤ እኔ ግን ብረቱን እንኳ ሳልነካው ተመለስኩ” አለኝ። ነገሩ ቀልድ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሕጎቹን ሳገላብጥ ግን ቀልድ ያልሆነ ነገር አገኘሁ። እርሱን በቦታው እመለስበታለሁ።

የማግኔቱ ምስጢር

በቅድሚያ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከሚያናድዱት ደንቦች ብዙዎቹ ምክንያት አላቸው። ማግኔቱን እንውሰድ። የተለመደው አረር ውስጡ እርሳስ፣ ልባሱ መዳብ ነው፤ ማግኔት አይስበውም። በርካሽ የሚሸጠው ጥይት ግን ብዙ ጊዜ ቀለሃው ብረት ነው፤ የአረሩም ልባስ ከመዳቡ ሥር ስስ ብረት አለበት። ለአገራችን ሰው የሚታወቀው የክላሽ ጥይትም አብዛኛው እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ አረር ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን የብረት ግድግዳ ሲመታ ግድግዳውን ይቦረቡራል፣ ብልጭታም ያወጣል። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሳይቃጠል የቀረ ባሩድ ወለሉ ላይ ይከማቻል። ብልጭታና ባሩድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ችግሩ ማግኔቱ ልባሱ ብረት የሆነውንና ውስጡ ብረት የሆነውን መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁሉም አብሮ ይከለከላል። በዚያ ላይ የነሐስ ቀለሃ ተለቅሞ የሚሸጥ ነገር ነው፤ የብረቱ ቀለሃ ሲቀላቀልበት የባለቤቱን ገቢ ያበላሽበታል። ደኅንነቱና ንግዱ እዚህ ላይ ተደባልቀዋል ማለት ነው። የርካሹ ጥይት ዋና ምንጭ ሩሲያ ነበረች፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመ ወዲህ ርካሽ የሚባለውም ቢሆን ተወዷል።

አየሩም ሌላ ጣጣ ነው። እርሳስ ሲተኮስ ብናኝ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ሠራተኛው በስምንት ሰዓት ውስጥ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ50 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ እንዳይተነፍስ ያዛል። የአየር ማጣሪያው ወጪ ከፍተኛ የሆነውና ዋጋው ተመልሶ በእኛ ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በፍጥነት መተኮስንና አውቶማቲክ መሣሪያን በተመለከተም ደንቡ በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ የጦር መሣሪያ ትርዒት ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ትንሿን ኡዚ ሲተኩስ መሣሪያው ወደ ኋላ ተወርውሮበት ራሱን ገድሏል። በነሐሴ 2014 አሪዞና ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኡዚውን መቆጣጠር አቅቷት አጠገቧ የቆመው አስተማሪ ሞቷል። ብዙ አዳራሾች የራሱ መሣሪያ ለሌለው፣ ብቻውን ለመጣ ሰው ሽጉጥ አያከራዩም። ይህም ስድብ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ተከራይተው እዚያው ሕይወታቸውን ያጠፉ ሰዎች መኖራቸው ነው። ከዚህ በኋላ የድምፅ ማጉያውን ልጅ መውቀስ ይከብደኛል።

ቺካጎ፦ ላም አለኝ በሰማይ

ሁሉም ደንብ ግን እንዲህ አይደለም። ደኅንነት የሚል ልብስ ለብሰው መብቱን ራሱን ለማነቅ የሚወጡም አሉ። ለዚህ ከቺካጎ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ቺካጎ ከ1982 ጀምሮ ሽጉጥ ለነዋሪዎቿ ከልክላ ቆይታ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማክዶናልድ ጉዳይ ክልከላው የሕገ መንግሥቱን ሁለተኛ ማሻሻያ የሚጋፋበትን መንገድ ከፈተ። ከተማዋ በአራት ቀን ውስጥ አዲስ ደንብ አወጣች። በደንቡ መሠረት ሽጉጥ በቤቱ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ለማግኘት በክፍል ውስጥ ከሚማረው በተጨማሪ አንድ ሰዓት በተኩስ ሥፍራ መሠልጠን አለበት። መልካም ነው። ያልሠለጠነ ሰው መሣሪያ እንዲይዝ ማን ይፈልጋል? ነገር ግን ያው ደንብ በከተማዋ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የተኩስ መለማመጃ እንዳይኖር ከለከለ። ተለማመድ ይላል፤ መለማመጃውን ይነሳል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ነዋሪዎች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2011 የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የኢዜልን ጉዳይ መርምሮ ክልከላውን አገደ። የከተማዋ ጠበቆች “ከከተማ ወጥቶ ይለማመድ” የሚል መከራከሪያ አቅርበው ነበር፤ አንድን መብት በጎረቤት ከተማ ልታገኘው ትችላለህ ተብሎ እዚህ አይነፈግህም የሚል መልስ አገኙ። በእኔ አስተያየት ከጠመንጃ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው አንባቢም ይህንን መርሕ ቢይዘው ይጠቅመዋል፤ ለጋዜጣም፣ ለስብሰባም፣ ለጸሎት ቤትም ይሠራል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቺካጎ አልተወችም። መለማመጃ ይከፈት አለችና ከፋብሪካ ቀበሌ ውጭ አይሆንም፣ ከመኖሪያ፣ ከትምህርት ቤትና ከመሰል ቦታዎች ይራቅ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ አይግባ የሚሉ ደንቦችን ደረደረች። ተለክቶ ሲታይ ለመለማመጃ የሚሆነው መሬት ከከተማዋ ስፋት 2.2 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ፤ አንድም የግል መለማመጃም አልተከፈተም። ያው ፍርድ ቤት በጥር 2017 እነዚህንም ሻራቸው። ከተማዋ መለማመጃ በአቅራቢያ ሲኖር ወንጀል ይጨምራል ስትል ማስረጃ ማቅረብ አልቻለችም ነበር።

ኒውዮርክ፦ ሰባት በሮች

የኒውዮርኩ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ከተማ በቤቱ ሽጉጥ እንዲይዝ የተፈቀደለት ሰው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነበረው ደንብ መሠረት መሣሪያውን ጥይት አልባ አድርጎ፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ለልምምድ ሊወስደው የሚችለው ከተማ ውስጥ ወደሚገኙ መለማመጃዎች ብቻ ነበር። እነርሱም ሰባት ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ኒውጀርሲ ውድድር ቢኖር አይወስደውም። ገጠር ሁለተኛ ቤት ቢኖረው ይዞት አይሄድም፤ ሽጉጡን ባዶ አፓርታማ ውስጥ ትቶት ይሄዳል። ባዶ ቤት የተተወ መሣሪያ ለሌባ የተዘጋጀ ሲሳይ መሆኑን ደንቡን የጻፈው ሰው ያሰበበት አይመስልም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት በጥር 2019 ሲቀበል ከተማዋ ደነገጠችና ደንቡን ራሷ ለወጠችው፤ ስቴቱም ሕግ አወጣ። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2020 “አሁን የሚፈረድበት ነገር የለም” ብሎ መዝገቡን በስድስት ለሦስት ድምፅ ዘጋ። እንግዲህ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያህል ለሕዝብ ደኅንነት የግድ ነው ሲባል የኖረ ደንብ ዳኛ ሊመረምረው ሲቃረብ አስፈላጊነቱ በወራት ውስጥ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያው ማኅበር ሌላ ክስ ይዞ መጣና ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 በብሩን ጉዳይ የኒውዮርክን መሣሪያ ይዞ የመውጣት ፈቃድ ሥርዓት ሻረው። መጥፎ ደንብ መጨረሻው እንዲህ ነው። ራሱን ብቻ ይዞ አይወድቅም፤ ጥሩ ሊሆን የሚችለውንም ደንብ ተጠርጣሪ ያደርገዋል።

እኛን የሚነካው

አሁን ወደ ሁለቱ ጓዶቼ ልመለስ።

የአጎቴ ልጅ የተከለከለው በአዳራሹ ባለቤት ፍላጎት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ በመለማመጃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ተከራይቶ መያዝም እንደ መያዝ ይቆጠራል። ከ2022 ወዲህ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። የሕጉን ቀዳዳ ስሙ። የተከለከለው “በቪዛ የገባ” ነው። ስለዚህ ቪዛ ከማይጠየቅበት አገር፣ ለምሳሌ ከጀርመን ያለ ቪዛ የገባ ቱሪስት ከ2012 ጀምሮ ክልከላው አይመለከተውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ያለ ቪዛ ስለማይገባ ይመለከተዋል። ሌላም ቀዳዳ አለ፤ ከአንዱ ስቴት የአደን ፈቃድ የገዛ እንግዳ ከክልከላው ውጭ ይሆናል። እንግዲህ የወረቀት ዒላማ ለመምታት የአጋዘን ማደኛ ፈቃድ ማውጣት አለበት ማለት ነው። አደገኛውን ከሰላማዊው የሚለየው መስፈርት የት አለ?

የጓደኛዬ ጉዳይ ግን ያስደነግጣል። ያን ቅዳሜ ከመለማመጃው ወጥቶ ቀጥታ ወደ ዲሲ ሥራው ሄደ። ሽጉጡ ተቆልፎ ከመኪናው ኋላ ነበር። ለወራት እንዲሁ ሲያደርግ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሣሪያውን ጥይት አልባ አድርጎ፣ እጁ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጦ የሚያልፈውን መንገደኛ ይጠብቀዋል። የሚጠብቀው ግን መነሻውም መድረሻውም መሣሪያውን መያዝ የሚፈቀድለት ቦታ ሲሆን ነው። ዲሲ በ2008 በሄለር ውሳኔ የሽጉጥ ክልከላዋ ቢሻርም የምዝገባ ግዴታዋን አልተወችም። ጓደኛዬ ዲሲን የሚያልፍ መንገደኛ አይደለም፤ ስምንት ሰዓት የሚቆምባት ሠራተኛ ነው። ሽጉጡም እዚያ አልተመዘገበም።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ዜጋ የሆነ ሰው እንዲህ ሲሳሳት ይቀጣል፣ ይከፍላል፣ ያልፍለታል። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን በኢሚግሬሽን ሕጉ መሠረት በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ለመባረር ምክንያት ይሆንበታል። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አሥር ዓመት የሠራበትን ኑሮ በአንድ የትራፊክ ፍተሻ ሊያጣ ይችል ነበር። ስልክ ደውዬ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “የተለማመድኩት እኮ ሰው እንዳልጎዳ ብዬ ነው” አለኝ። ምን ልበለው?

ሦስቱ አስተዳደሮች፣ ማለትም ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ፣ በግማሽ ሰዓት መንዳት ውስጥ ይገኛሉ። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ለሚገዛ ሰው የአራት ሰዓት ሥልጠናና ቢያንስ አንድ ጥይት መተኮስን ግዴታ አድርጋለች። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ የሚወስደው የውድሮው ዊልሰን ድልድይ እንኳ መሐሉ ላይ ለአጭር ርቀት የዲሲን ወሰን ይነካል። ሾፌሩ አያየውም፤ ሕጉ ግን እዚያ ይለወጣል።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኔ መሣሪያ እንደ ልብ ይለቀቅ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የማግኔቱን፣ የሰከንዱንና የሕፃናቱን ደንብ እቀበላለሁ። ለእያንዳንዱ ደንብ ግን አንድ ጥያቄ መቅረብ አለበት፤ ማንን ከምን ይጠብቃል? የማግኔቱ ደንብ መልስ አለው። የቺካጎውና የኒውዮርኩ ሲጠየቁ መልስ አጡ። የቪዛው ደንብ እስካሁን በበቂ የተጠየቀ አይመስለኝም። የድንበሩ ደግሞ የሚይዘው ወንበዴውን አይደለም፤ ወንበዴ መሣሪያውን ቆልፎ ወደ መለማመጃ አይመላለስም።

አገራችንም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አውጥታለች። ጠመንጃ የክብር ዕቃ በሆነበት አገር ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ከአሜሪካ የሚማሩት ካለ ይህን ይመስለኛል፤ ሰው ሊፈጽመው የማይችለውን ግዴታ የሚጥል ደንብ ሕግ አክባሪውን ብቻ ያስራል፤ ሌላው እንደሆን መጀመሪያም አልጠየቀም።

እዚህ ላለው ወገኔ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። መሣሪያ ከያዝክ ከመለማመጃው በፊት መንገዱን አጥና። ከልምምድ በኋላ ወደ ቤትህ እንጂ ወደ ሥራህ አትሂድ። እንግዳ ከመጣብህ የቪዛውን ዓይነት ሳትጠይቅ ብረት አታስይዘው። ጉዳይህ ያላለቀ ከሆነ ጠበቃ ጠይቅ።

ጓደኛዬ አሁን ቅዳሜን ትቶ ሥራ በሌለው ማክሰኞ ይለማመዳል፤ ጥይቱንም በእጥፍ ዋጋ ይገዛል። የአጎቴ ልጅም ወደ አገሩ ተመልሷል። ከአሜሪካ ያመጣው ትዝታ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ “ጥይቱን የሚፈትሹበት ማግኔት” ይላል አሉ።