አንዲት ፊደል ሽምግልናዬን ልታበላሽብኝ ነው!

«ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። የምወዳት ልጅ አባት የሚኖሩት ዳባት ነው። ሽማግሌ ልልክባቸው ባሰብኩበት ሰሞን ያንን ሆደ ትልቅ አሮጌ ቴሌቪዥናቸውን ለጥገና ላኩልኝ። የፓወር ሰፕላዩ አይሲ ተቃጥሎ ነበር፤ ዩሲ 3842 ገዝቼ ተካሁት። እኔ ሱቅ ሙሉ ቀን ሠራ። ዳባት ላይ ግን ማታ ማታ ድርቅ ይላል! ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ይጮሃል። ሄጄ በቴስተር ስለካው የማታው መብራት 150 ቮልት ነው። ድሮ ግን በዚያው መብራት ይሠራ ነበር። የማስነሻ ሬዚስተሩ 300 ኪሎ ኦም ነው፤ ደህና ነው። አባቷ ‹ኦሪጅናሉን ነቅሎ ሸጦታል› ብለዋል። እሷም ዘግታኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ ስለ ሌሊቱ ጩኸት ስናነብ ሳቅን (አባትየው ጸበል ሳያስረጩት አይቀሩም)፤ ስለ ልጅቷ ስናነብ ግን አዘንን።

የነቀልከውን አይሲ ጥለኸው እንዳይሆን! ጀርባውን እየው። ከ3842 ቀጥሎ ‹ኤ› ወይም ‹ቢ› የምትል ፊደል አለችበት? አንተ የገዛኸው ላይስ?

ይህን አይሲ ያወጣው ዩኒትሮድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ጠቀለለው። ዩኒትሮድ የመጀመሪያውን አሻሽሎ ‹ኤ›ን ሲያወጣ እግሮቹን አልነካም፤ አንዱ በሌላው ቦታ ልክክ ይላል። ጠባዩ ግን ተለወጠ። ሁለቱም የሚነሱት 16 ቮልት ግድም ሲያገኙ ነው። እዚያ እስኪደርስ ነባሩ እስከ 1 ሚሊ አምፔር ሊጠጣ ይችላል፤ ‹ኤ› ግን ከ0.5 አያልፍም።

እስቲ እናስላው። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲለወጥ 311 ይሆናል። 16ቱን ቀንሰህ ለ300 ኪሎ ኦም ስታካፍለው 0.98 ሚሊ አምፔር ይወጣል። በ150 ቮልት ግን 0.65 ብቻ! ለ‹ኤ› ይህም ይተርፈዋል፤ ፊደል የሌለው ግን በረሃብ ሳይነሳ ይቀራል። ጎንደር ላይ መነሳቱ፣ ዳባት ማታ መድረቁ፣ ሰው ተኝቶ መብራቱ ሲበረታ መንቃቱ ከዚህ ነው። ሌባም ሰይጣንም የለበትም።

‹ኤ› ወይም ‹ቢ› ፈልግና ተካው። ካጣህ በሬዚስተሩ ቦታ ሁለት ባለ 91 ኪሎ ኦም፣ ባለ 1 ዋት፣ በተከታታይ እሰር፤ በ150 ቮልትም 1.08 ሚሊ አምፔር ያሳልፋሉ። ፊደሎቹ አንድ ሆነው ከተገኙ አይሲው አጠገብ ያለችውን ትንሿን ኮንደንሰር ጠርጥር፤ ስታረጅ ያችኑ ጥቂት ከረንት ታፈሳለች። አደራ፣ ትልቁ ኮንደንሰር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሳታራግፍ እጅህን እንዳታስገባ! «ስታብላይዘር ይግዙ» ብለህም ሰውየውን ወጪ ውስጥ አትክተታቸው፤ ድሮ ያለሱ ይሠራ የለ እንዴ?

ሽማግሌዎቹን ለጊዜው አቆያቸው። አንተ ሌባ አይደለህም፤ ፊደሏን ሳታይ መግዛትህ ግን ያንተ ጥፋት ነው፤ ይህንን አትሸፍን። ጠግነህ ራስህ ተሸክመህ ውሰድላቸው፤ መብራቱ በሚደክምበት ሰዓት እሳቸው ፊት አብራው። አሮጌውን አይሲ ከአዲሱ ጎን አስቀምጥና «ጋሼ፣ ይችን ፊደል ሳላይ ነው የገዛሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በላቸው። ልጅቷም ያን ማታ ቤት መኖሯን አስቀድመህ አጣራ።