የልጆቻችን ጥያቄ፦ ማግኔት ቢሰበርም ዋልታው ለምን ሁለት ይሆናል?



በዚህ ዓምድ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡትን ጥያቄ ከወላጆች ጋር ሆነን እንመለከታለን። የዛሬውን ጥያቄ ያገኘነው ከአንዲት እናት ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ የተቀባ ማግኔት ነበረው። አንድ ቀን ከእጁ ወደቀና ልክ ሁለቱ ቀለሞች ከሚገናኙበት ላይ ተሰበረ። «እማዬ፣ ቀዩ የሰሜን ዋልታ፣ ሰማያዊው የደቡብ ዋልታ ነው ተብለናል፤ አሁን ተለያዩ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «እኔ ምን አውቃለሁ፣ መምህርህን ጠይቅ» አሉት። ለእኛ ሲያጫውቱን ግን፣ «ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ፤ ልጄ ከእንግዲህ ምንም ላይጠይቀኝ ነው ብዬ ፈራሁ» አሉን።

ይህ ፍርሃት በብዙዎቻችን ቤት አለ። ልጆች ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው ይይዛሉ፤ እኛም ዕብራይስጡ ስላጠረን ብቻ ዕውቀቱም ያጠረን ይመስለናል። እስቲ ይህን ጥያቄ በቤታችን ዕቃ፣ በራሳችን ቋንቋ እንመልሰው። ማግኔት በዕብራይስጥም ማግኔት ነው፤ ዋልታ ደግሞ «ኮቴቭ» ይባላል።

በመጀመሪያ እንሞክር። ቀዩን ስባሪ ያዙና አንዱን ጫፍ ወደ ሌላ ማግኔት ዋልታ አስጠጉት። ከሳበው፣ ስባሪውን አዙራችሁ ሌላኛውን ጫፍ ወደዚያው ዋልታ አስጠጉ፤ አሁን ይገፋዋል። ስለዚህ ቀዩ ስባሪ ብቻውን ሰሜንም ደቡብም አለው። ሰማያዊውም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ምልክት ነው እንጂ ዋልታዎቹን የሚለያይ አጥር አይደለም። ገመድ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ሁለት ጫፍ እንደሚኖረው ማለት ነው። ይህንን ፔትሩስ ፔሬግሪኑስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1269 በጻፈው ደብዳቤ ገልጾታል። እሱም የማግኔት ድንጋይ ቆርጦ ነው ያየው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሰፌድ አምጡ። ልጁን አስቀምጡና ሰፌዱን ከራሱ በላይ ይዛችሁ እንደ ሰዓት መርፌ አዙሩት። እናንተ ከላይ ስታዩት በሰዓት መርፌ አቅጣጫ ይዞራል። ልጁን ጠይቁት፤ እሱ ከታች ሲያየው በተቃራኒው ነው የሚዞረው። ሰፌዱ አንድ፣ መዞሩም አንድ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ፊት አለው። ሰፌዱ የቱንም ያህል ቢሳሳ፣ ላይ ኖሮት ታች የሌለው ሰፌድ አይገኝም።

ማግኔትም እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በክብ ሽቦ ውስጥ ሲዞር ክቡ ማግኔት ይሆናል። ዙረቱ ከሰዓት መርፌ ተቃራኒ ሆኖ የሚታይበት ፊት ሰሜን፣ እንደ ሰዓት መርፌ ሆኖ የሚታይበት ፊት ደቡብ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ አምፔር በ1820ዎቹ ዓመታት የማግኔት ድንጋይም በውስጡ እንዲህ ያለ ጥቃቅን ዙረት አለው ሲል አሰበ። ዛሬ እንደምናውቀው በብረት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ትንሽ ማግኔት ነው። እንደ እንዝርት ይሽከረከራል ማለት ባይሆንም፣ ጠባዩ እንደዚያ ነው። በተራ ብረት ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ወደየአቅጣጫው ስለሚያዩ ኃይላቸው ይጣፋል፤ በማግኔት ውስጥ ግን ብዙዎቹ በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። ማግኔቱን ብትሰብሩ ሰልፉን ከፈላችሁ እንጂ የተሰላፊዎቹን ፊትና ጀርባ አልለያያችሁም።

አንዳንድ ማግኔት ከሁለት በላይ ዋልታ አለው። በማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፈው ስስ ማስታወቂያ ሰሜንና ደቡብ እየተፈራረቁ እንደ ጥለት የተሰመሩበት ነው። ያም ቢሆን ሰሜን ያለ ደቡብ አይቆምም።

ታዲያ አንድ ዋልታ ብቻ ያለው ነገር በዓለም ላይ ጨርሶ የለም? እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1931 ሊኖር እንደሚችል በስሌት አሳየ። በየካቲት 14 ቀን 1982 በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ የካብሬራ መሣሪያ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ያለፈ የሚያስመስል ምልክት መዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተደገመም። በስዊስ ድንበር ባለው በሰርን የምርምር ማዕከልም ተፈልጎ እስካሁን አልተገኘም። እንግዲህ የዚያ ልጅ ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ትናንሽና ጠንካራ ማግኔቶችን ከሕፃናት አርቁ። ሕፃን ከአንድ በላይ ቢውጥ ማግኔቶቹ በሆድ ውስጥ እየተሳሳቡ አንጀት ሊበሱ ይችላሉ። ልጁ ባያመውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እናቲቱን ሰፌዱን ይዘው እንዲሞክሩ መከርናቸው። በሳምንቱ ስንጠይቃቸው፣ «መልሱን ገና በቅጡ አልያዝኩትም፤ ልጁ ግን ከሰፌዱ ሥር አልነሣም ብሎ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ» አሉን።

የእናንተም ልጆች የጠየቋችሁን ላኩልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በሰላም ቆዩን። ሻሎም!