ድንጋዩ በቦታው ይኑር

አንባቢ ሆይ፣ የእንግሊዝን ገጠር ብትጎበኝ በብዙ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ግቢና ግድግዳ ውስጥ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የተቀረጹ የድንጋይ መስቀሎች ታያለህ። አንዳንዶቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ተሰባብረው ለግንብ ሥራ ውለዋል። በሮትበሪ ቤተ ክርስቲያን የአንዱ መስቀል ግንድ ዛሬም የመጠመቂያውን ገንዳ ተሸክሞ ይገኛል። ታዲያ እነዚህ ቅርሶች የት ቢቀመጡ ይሻላል? በአጥቢያቸው ወይስ በታላላቅ ሙዚየሞች? በእኔ አስተያየት በአጥቢያቸው ሊኖሩ ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት የድንጋዩ ትርጉም ከቦታው ጋር የተሳሰረ መሆኑ ነው። በጎስፎርዝ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግቢ የቆመውን የ10ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን መስቀል እንመልከት። ቁመቱ ከ4 ሜትር ይበልጣል። በአንድ በኩል የክርስቶስ ስቅለት ተቀርጾበታል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ሊቃውንት ከጥንት ስካንዲናቪያ አማልክት ተረት ጋር የሚያያይዟቸው ምስሎች ይታያሉ። ከባሕር ማዶ መጥተው በዚያ ምድር የሰፈሩ ሰዎች አዲሱን ሃይማኖት ሲቀበሉ የአባቶቻቸውን ተረት እንዳልዘነጉ ድንጋዩ ይመሰክራል። ምስክር ከነገሩ ስፍራ ሲርቅ ግን ቃሉ ይደክማል።

ይሁን እንጂ የተቃራኒው ወገን ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። የቢውካስል መስቀል ለ13 መቶ ዓመታት ያህል በዝናብና በነፋስ መካከል በመቆሙ ሩን በተባለው የጥንት ፊደል የተጻፈበት ጽሑፍ በእጅጉ ተፍቋል፤ የላይኛው ክፍሉም ጠፍቷል። የኢዝቢ መስቀል ስብርባሪዎች በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1931 በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከተገዙ ወዲህ በመልካም ጥበቃ ላይ ይገኛሉ። ለኢዝቢ ቤተ ክርስቲያን የቀረላት ግን ቅጂው ብቻ ነው።

ነገር ግን ዝናብን ለመከላከል የሚያስፈልገው ጣራ እንጂ ለንደን አይደለም። በድንበሩ ማዶ፣ በስኮትላንድ የሚገኘው የረዝዌል መስቀል ለዚህ ማስረጃ ነው። ይህ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1642 ጣዖት ነው ተብሎ ተሰባበረ። በ1823 ቄስ ሄንሪ ደንከን ስብርባሪውን አገጣጥመው በደጅ አቆሙት። በ1887 ደግሞ ወደዚያው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ቁመቱ ከ5 ሜትር ስለሚበልጥም ወለሉ ዝቅ ተደርጎ ተቆፈረለት። እነሆ፣ ከአጥቢያው ሳይለይ ከዝናብ ዳነ።

እርግጥ ነው፣ ምእመናን ያነሱበት የገጠር አጥቢያ ይህን ወጪ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ መንግሥትና ሙዚየሞች ድንጋዩን ለመውሰድ የሚያወጡትን ገንዘብና ዕውቀት ድንጋዩን ባለበት ለመጠበቅ ቢያውሉት የተሻለ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኑ ፈጽሞ ተዘግቶ ጠባቂ ሲታጣ ብቻ ሙዚየም ይረከበው። አንባቢ ሆይ፣ ሙዚየም ቤት ላጣ ድንጋይ መጠጊያ ይሁን፤ ቤት ያለውን ግን ከቤቱ አያስወጣው።