መሻታችንን ማን ዘራው?



በአንድ የታኅሣሥ ወር፣ በርበሬ ደርቆ ወደ ገበያ በሚወጣበት ሰሞን፣ ጅጋ አካባቢ የሚያርስ አንድ ወንድም ቤቴ መጣ። የዚህ አገር ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ በርበሬ የዓመቱ ተስፋ ነው። የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የቤት ቆርቆሮ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ሚዛን ላይ እንዲከብድ ውሃ የሚያርከፈክፉበት እንዳሉም ታውቃላችሁ። ወንድማችን ዐንገቱን ደፍቶ፣ «ፓስተር፣ እኔ ውሃ አላርከፈከፍሁም። ግን ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ሳርከፈክፍ ነው ያደርሁት» አለኝ።

እኔም «ጎሽ! አሸንፈሃል፤ ጌታ ይባርክህ» ብዬ፣ ጸልዬለት ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሰውየው የመጣው እጁ ምን እንዳላደረገ ሊነግረኝ አልነበረም፤ ልቡ ምን እንደፈለገ ሊነግረኝ ነበር። እኔ የመለስሁለት ስለ እጁ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ዐውቀዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል የፕሮቴስታንት አማኞች ቁጥር ከመቶ 0.2 ብቻ ነበር። ጥቂት ሆነን ስንኖር የጎረቤት ዐይን አይለየንም። ስለዚህ እንዳንሰክር፣ እንዳንሳደብ፣ እንዳናጭበረብር እንጠነቀቃለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው የሚያየውን ስናሳምር፣ የማያየውን መደበቅ እንለምዳለን። እኔ ራሴ የሌላ አገልጋይ ጉባኤ መብዛቱን ስሰማ በአፌ «ሃሌ ሉያ» እያልሁ ውስጤ የከፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ማንም አላየኝም።

በመካከላችን ሁለት የተሳሳቱ መንገዶች አያለሁ። አንዱ ምኞትን አፍኖ መኖር ነው። ሌላው ምኞትን እንዳለ ይዞ እምነትን ማስፈጸሚያው ማድረግ ነው። መዝሙር 37፥4 ስንት ጊዜ ለመኪናና ለቪዛ ተሰብኳል! ቃሉ ግን ቅደም ተከተል አለው፤ ልብ መጀመሪያ በጌታ ደስ ይሰኛል፣ ከዚያ የሚሻውን ያገኛል። በእርሱ የረካ ልብ ደግሞ የሚሻው ነገር ራሱ ይለወጣል። ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 2፥13 ማድረጉን ብቻ ሳይሆን መፈለጉንም በእኛ የሚሠራው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል። ብዙዎቻችን ለማድረግ ኃይል እንለምናለን፤ ለመፈለግ የምንለምን ግን ስንቶቻችን ነን?

ከ1780 እስከ 1847 የኖረው የስኮትላንድ ሰባኪ ቶማስ ቻልመርስ በአንድ የታወቀ ስብከቱ ይህንኑ አስተምሯል፤ አሮጌ ፍቅር ከልብ የሚወጣው የሚበልጥ አዲስ ፍቅር ሲገባ ነው። ለእኛ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የበርበሬ ችግኝ በመደብ ላይ ይፈላል፤ ሣር ይለብሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳው ይዛወራል። ማሳውን አርሞ ብቻ በርበሬ የሚጠብቅ ሰው የለም። ያልተተከለበት መሬት አረሙን መልሶ ያበቅላል።

መልካም መሻት ታዲያ እንዴት ይተከላል? መጀመሪያ፣ ያለንን ምኞት ሳናሳምር ለጌታ እንንገረው። «ጌታ ሆይ፣ ጽድቅን አልራብሁም፤ እንድራበው አድርገኝ» ማለትም የእምነት ጸሎት ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይርበንም እንብላ። ከሕመም የተነሣ ሰው ምግብ አያሰኘውም፤ እናቶቻችን አጥሚት በትንሽ በትንሹ ሲያስጎነጩት ግን ፍላጎቱ ይመለሳል። ቃሉም እንዲሁ ነው። ጠዋት ስልካችንን ከመክፈታችን በፊት ጥቂት ቁጥሮች፣ በየቀኑ።

ሦስተኛ፣ ምኞታችን ለሚጎዳው ሰው እንጸልይ። ከሳምንት በኋላ ወደዚያ ወንድም ቤት ሄድሁ። በችኮላ ስለመለስሁለት ይቅርታ ጠየቅሁትና አብረን ተንበረከክን። ያንን በርበሬ ገዝታ ለልጆቿ ወጥ ለምትሠራ፣ ሁለታችንም ለማናውቃት ሴት ጸለይን። እኔም በልቤ ላልወደድሁለት አገልጋይ ጉባኤ ጸለይሁ፤ ከብዶኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ ለመዳን የምንከፍለው ዋጋ አይደለም። ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ለጌታችን የአባቱን ፈቃድ ማድረግ መብል እንጂ ሸክም አልነበረም (ዮሐንስ 4፥34)። በመንፈሱ በውስጣችን የሚኖረውም ያው ጌታ ነው፤ የእርሱን ረሃብ በእኛ ውስጥ መዝራት ይችላል። ችግኝ ግን በአንድ ሌሊት አያፈራም።

በሚቀጥለው ዓመት በርበሬው ሲደርስ ወንድማችንን እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ «ፓስተር፣ ሐሳቡ አሁንም ይመጣል። አያድርም ግን» አለኝ።

እናንተስ? ዛሬ ሌሊት በልባችሁ የሚያድረው ምንድን ነው? ከመተኛታችሁ በፊት ለጌታ ንገሩት።

ጌታ ይባርካችሁ።