ከፍ ያለ ወይስ ዝቅ ያለ? አያትንም ጠይቋቸው

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በዚህ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን በብዙ ቤት ከእራት በኋላ የሚያከራክር ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ካሳወቀ ወዲህ፣ ለአዲስ መኪና ዓመታት የቆጠበ ቤተሰብ «ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?» ብሎ መከራከሩን ትቷል። አሁን ክርክሩ ቅርጹ ላይ ነው። አባወራው ከፍ ያለውን ኤስዩቪ ይመኛል፣ እማወራዋ ዋጋው ቀለል ያለውን ሴዳን ትላለች፣ ልጆቹ ባለ ሦስት ረድፉን ይመርጣሉ። አያትን ግን የጠየቃቸው የለም።

መኪና በዓይን ሲመረጥ ያሳስታል። የጀርመኑ ኦዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውን ኤ6 ኢትሮን የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና እንመልከት። በሁለት ቅርጽ ቀርቧል፤ አንዱ ጣሪያው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ የሚወርድ፣ ሌላው ጣሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ የተዘረጋ ስቴሽን ዋገን ነው። በአንድ ሙሌት ይሄዳሉ የተባለው ርቀት ለመጀመሪያው እስከ 756፣ ለሁለተኛው እስከ 720 ኪሎ ሜትር ነው። የዕቃ ቦታውስ? የኋላው ወንበር ሳይታጠፍ ሁለቱም እኩል 502 ሊትር ይይዛሉ! ልዩነቱ የሚመጣው ወንበሩ ሲታጠፍ ነው፤ ያኔ 1,330 እና 1,422 ሊትር ይሆናል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ወንበሩን ማጠፍ ስለማይቻል፣ ሰፊ የመሰለን መኪና በየዕለት ኑሯችን ምንም ላይጨምርልን ይችላል።

ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ዋና ዋና መንገዶቿም አስፋልት ናቸው። በከተማ ፍጥነት የመኪናው ቁመት ባትሪውን ብዙም አይጎዳም። አዲስ አበባ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙ ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። አዲስ አበባ ከሐዋሳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሆኖም ሰውን ጨምሮ 2,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኃይል ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠጋ ነው። ስንመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ባትሪውን በብርቱ የሚበላው ፍጥነት ነው። ከባቱ እስከ ሞጆ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ስንል፣ አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከፍና ሰፋ ያለ መኪና ደግሞ ብዙ አየር ይገፋል። በፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ከተጫነ ይብሳል። በተጨማሪም በቻይና መለኪያ የተጻፈ ርቀት ከአውሮፓው መለኪያ ረዘም ብሎ እንደሚታይ አትዘንጉ። ሻጩ የሚነግራችሁን ቁጥር «በየትኛው መለኪያ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ታዲያ ዝቅ ያለው ይሻላል ማለት ነው? ሁልጊዜ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከወለሉ ሥር ነው። ዝቅ ያለ መኪና ሰው ሞልቶበት ብሬከር ላይ ሆዱ ከተመታ የሚነካው በጣም ውዱ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ባትሪው ወለሉን ከፍ ስለሚያደርገው፣ በአንዳንድ ሴዳኖች ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ወደ ደረቱ ይጠጋል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አያት የሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ እንዲህ ተቀምጦ መሄድ ቅጣት ነው።

ባለ ሦስት ረድፉም የራሱ ጣጣ አለው። በመንገዶቻችን ላይ ከምናያቸው መካከል የቮልስዋገን አይዲ 6 ከአይዲ 4 በ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሦስተኛው ረድፍ የሚገኘው በዚያ ነው። ነገር ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰው ሲቀመጥ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ለበዓል ይርጋዓለም ደርሶ ሲመለስ ቆጮና አቮካዶ የሚጭን ቤተሰብ ሰውና ዕቃን ማማረጡ አይቀርም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መላው ቤተሰብ አብሮ ይሂድ። አያት ያለ ደጋፊ ገብተው ይውጡ፤ መቀመጫው ከዳሌያቸው እኩል ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትልቅ ሰው አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ሁሉም ከተሳፈሩ በኋላ አንድ ሰው ወርዶ በመኪናው ሆድና በመሬቱ መካከል የቀረውን ክፍተት ይመልከት። ከቻላችሁም በሰፈራችሁ ብሬከር ላይ አሳልፉት።

በመጨረሻም አንድ ወረቀት አውጡና በሳምንት ውስጥ መኪናው ላይ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚቀመጥ ጻፉ። በየቀኑ ስድስት ሰው የሚጓዝ ከሆነ ባለ ሦስት ረድፉ ተገቢ ነው። አራት ሆናችሁ እየኖራችሁ ስድስት የምትሆኑት በዓመት ሁለት ጊዜ ከሆነ ግን፣ ለዚያ ቀን ሚኒባስ መኮናተር ይቀላል። የተረፈው ገንዘብ ለቤት ቻርጀር ወይም ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይውላል። መኪናው ጎረቤት ፊት ምን እንደሚመስል የሚያስጨንቀው ለአንድ ወር ነው፤ አያት እየተቸገሩ ከገቡበት ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ «እኔ ቤት ልቅር፣ እናንተ ሂዱ» ማለት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የቤተሰብ መኪና መባሉ ስም ብቻ ይሆናል።